የሃምሳ አለቃ ጥላዬ ፒካፕ

«ፒካፕ አለህ?» አለች ከደጃፌ ቆማ፤
ጫኝና አውራጁ ቃሏን እንደሰማ
«ስንት ኩንታል ነው? ወዴት ይጫናል?» አለ።
እኔም ሳቄን ዋጥኩት፣ ውርጩ እያየለ።

ሽታዬ ናት፤ ገና ከሌሊት ፈረቃ፣
የሱፍ ብናኝ ለብሳ፣ እንቅልፏን ሰንቃ፣
ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጠባሴ ድረስ
በእግሯ የመጣች፣ ጊታሯን ልታስፈውስ።
«የአንገቱ ደኅና ነው፤ የድልድዩ ሞተ፤
ቅዳሜ ሠርግ አለን…» ድምጿ ተጎተተ።

ፈታሁት። የአንገቱ ነጠላ ለባሽ ነው፣
አንድ ጥምጥም መዳብ፣ ብርድ የሚያንዘፈዝፈው፤
ሸምበቆ መብራቴን ከላዩ ሳበራው
እንደነኩት ቀፎ ማጉረምረም ነው ሥራው፤
ሲመቱት ግን ጥርት! በጥቅምት ማለዳ
በረሳ ዳር ሣሩን አመዳይ ሲጎዳ
ከጫማ ሥር እንደሚሰማው ስብርብር፣
እንዲያ ነው፤ ቀጭን ነው፣ እርቃኑን የማያፍር።

ለድልድዩ የሚሆን አዲስ አበባ አለ፤
ደመወዟ አልወጣ፣ ቅዳሜም ቸኮለ።

ዓይኔ ሽቅብ ሄደ። መደርደሪያው ራስ ላይ
የሃምሳ አለቃው ጊታር ተኝቷል ሳይታይ።
የክፍለ ጦሩ ባንድ ወደ ሰሜን ሲሄድ
«አንገቱ ጎብጧል፣ አቅናው፤ ስመለስ ልውሰድ»
ብሎኝ ነበር ጥላዬ፣ በሰማንያ ሁለት።
ደረሰኙ ይኸው፤ በእርሳስ ነው የጻፍኩት፦
ቁጥር አርባ ሦስት።
ቀብድ ስድስት ብር። ቀሪ ዘጠኝ ብር።
አንገቱን አቃናሁ። እሱ ግን የት ይኑር?
ሠላሳ አራት ዓመት፣ በየጥምቀቱ ዕለት፣
ባንድ ጨርቅ፣ ቀስ ብዬ፣ አቧራ ጠረግኩለት።
ስንቱ ገዢ መጣ! «የሰው ነው» እያልኩኝ
ስንቱን መለስኩኝ።

ዛሬ ግን ካቻቢቴዬ ብሎኑን ነከሰች፤
አራተኛዋ ብሎን ዝጋ አለቀሰች።
የጥላዬ ፒካፕ ወጣ፣ ጋቢ ለብሶ፣
ሁለት ጥምጥም ጎን ለጎን፣ አንዱ አንዱን መልሶ፣
አንዱ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ አንዱ ወደ ግራ፣
የአንዱን ጉርምርምታ ሌላው እያጣራ።
ወፍራም ነው፤ ሲናገር በአንደኛ ማርሽ የሚሄድ
ጭነት መኪና ነው፣ በጣርማ በር መንገድ።
(ጫኝና አውራጁስ ምን ተሳሳተ ታዲያ?)

ካውያው ጋለልኝ፤ ስታኞው ቀለጠ፣ ጨሰ፤
ሁለቱን አንድ ላይ ስከፍት፣ ድምፁ አነሰ!
ለየብቻ ደኅና፤ አብረው ሲናገሩ
እንደ ባዶ ጣሳ ተንኳኩ፣ ሻከሩ፤
አንዱ ሲገፋ አንዱ ሲስብ፣ በአንድ ጊዜ፣
ተበላልተው ሲያልቁ፣ ይኸ ነው አባዜ።
ገመዱን ገለበጥኩ፣ ጥቁሩን በነጩ፤
ሁለት ድምፅ አንድ ወንዝ ገቡ ከየምንጩ።

ቢሆንም ጋቢው ነጠላውን ሸፈነው።
የዚህስ መድኃኒቱ ከብሎኑ ላይ ነው፦
ብርቱውን ዝቅ፣ ሁለት ሚሊ ያህል፣
ደካማውን ከፍ፣ እስኪሰማ የሁለቱም ቃል።

ሞከረችው። አንዴ ብቻ ገርፋ ዝም አለች።
«ይኸኛው የማን ነው?» ብላ ጠየቀች።
«የደንበኛ ነው» አልኩ። ሌላ አልወጣኝም።
«ስንት ልክፈል?» አለች። ዋጋ አልጠራሁም።

ቅዳሜ፣ ከድንኳኑ ኋላ፣ በጨለማ፣
ጄኔሬተር አጠገብ ቆምኩኝ ልሰማ፤
መጀመሪያ ውርጩ፣ ቀጥሎ ዳገቱ፣
ከዚያ መሀል ላይ አቆመች፣ ሁለቱ
ጥላዬና ሽታዬ ባንድ እንጨት ሲያወጉ
የሙሽራው አጎቶች ጠጅ እየፈለጉ
ያልፋሉ ባጠገቤ፤ ማንም ልብ አላለ።

ሱቄን ከፈትኩ ማታ። ያ ጊታር እዚያው አለ፣
ሆዱ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ።
ደረሰኙን አወጣሁ፣ ቁጥር አርባ ሦስትን፤
በዚያው በእርሳስ ሰረዝኩ
ቀሪውን ዘጠኝ ብር።