ሲሶ

ግዳንስክ ላይ ኅዳር፣ ዝናብ ያዘለ ሌት፤
እኔ በዚህ ምድር ቤት፣ ቪት በዚያኛው ምድር ቤት፤
መሐላችን መንገድ፤ ከመንገዱ በታች
ፀጉር የመሰለች የመስታወት ክር አለች።

ካንድ ክሪስታል ሆድ መንታ ብርሃን ወጥቶ
አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እሱ ጋ ይደርሳል ተለያይቶ።
የኔን ለብቻው ብጠይቀው፣ እንደ ተወረወረ ሳንቲም ነው፤
አንዴ ንስር፣ አንዴ ቁጥር፣ ምክንያትም የለው።
የቪትም እንዲሁ። ለየብቻ ወሬ ናቸው፤
ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ቃል ያላቸው።

ችግሩ ክሯ ናት። ትራም ባለፈ ቁጥር
ትጠመዘዛለች፣ ብርሃኑን ታዞራለች በስውር።
እኔ "ላይ" ያልሁት፣ ቪት ዘንድ እስኪደርስ
"ጎን" ሆኖ ይገኛል፤ ወይ "ታች"፤ እሱም ሊፈርስ።
ሦስት ወር አቀናን። ሦስት ወር ሙሉ ስልክ፦
"አሁንስ?" "ገና ነው።" "አሁንስ?" "እ... በልክ..."
ትራሞቹ ሲተኙ ክሯ ትቃናለች፣
ጎህ ሲቀድ ሲነሡ ደግሞ ትጣመማለች።

መካኒኩ ዜኖቢዩሽ፣ የድሮ መርከብ ሠሪ፣
አንድ ሌሊት ሰማን፤ ሻዩን እያማሰለ፣ ቆሞ በራፋችን ዳሪ፦
"እኛ ብየዳ ስንፈትሽ፣ ላዩ የት ነው፣ ታቹ የት፣
ማን ይጠይቃል? የመርከብ ሆድ ጨለማ ቤት!
እንዳገኘሽ መምታት ነው፤ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ፤
አንዷ ኳታ ምንም አትልሽም፤
የድምፁ መበተን ነው የሚሰጥሽ ኑዛዜ።"

ስልኩን ዘጋነው።
ቪት ሰሌዳውን በዘፈቀደ አዞረ፣ እኔም የኔን፤
ትራሙም፣ ሳንለምነው፣ አገዘን።
በየዙሩ ተዛምዶውን ጻፍን፦ አንዴ ጠንካራ አዎ፣
አንዴ ጠንካራ አይደለም፣ አንዴ ዜሮ፣
አንዴ ለዜሮ የቀረበ፣ የሚያፍር የሚመስል።
በየራሳቸው የሚያድሩ ጥንዶች ቢሆኑ
የካሬዎቹ አማካይ ከዘጠኝ አንድ እጅ አያልፍም፤ ያ ነው ወሰኑ።

ሊነጋ ሲል ደመርን።
ደግሜ ደመርሁ፣ በእርሳስ፣ በእጄ።
ቁጥሩ ወሰኑን ጥሶ ወጥቷል፤ ለሲሶ ጥቂት ቀርቶታል፤
ያቺን ጥቂት ጫጫታው በልቷት ይሆናል።

ደወልሁ። "ላይ በየት ነው፣ ቦጉሚዋ?" አለ ቪት፣ ከልማዱ።
"እንጃ" አልሁት፣ "ግን አንድ ላይ ናቸው፣ የትም ቢሄዱ።"

ከራሳችን በላይ የማለዳው ትራም እያቃሰተ
ክሯን ደግሞ ጠምዝዞ አለፈ።
ዜኖቢዩሽ በማንኪያው የማሞቂያውን ቧንቧ መታ፤
ጆሮውን አዘነበለ፤
ከዚያ ሌላ ቦታ መታ።