ባለቤቱ የት አለ?

ሰኞ ገበያ ተፈትቶ፣ የሸጠም ያልሸጠም ገብቶ፣
ማታ ክፍል ተቀምጧል፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ጎትቶ።
ከጦሳ የወረደው ጭጋግ፣ በተሰበረው መስታወት
እንደ አርፋጅ ተማሪ ገብቶ፣ ቆሟል ከሰሌዳው ፊት።

ጠመኔዬ አጭር ናት፤ ትዕግሥቴም ከሷ ያጠረች።
«ሺ» ብዬ ጻፍኩ። መሐል ላይ ብቻዋን ቀረች።
«ሺ ማለት እሷ ናት» አልኩ፣ «አንዲት ሴት ናት፣ አንዲት ብቻ።»
ሙሔ ሳቀ ከኋላ ወንበር፣ የጆንያ ነጋዴው፣ ያ ፌዘኛ፤
«አንዷን ሴት ሺ ካሏትማ፣
ሁለት ሲሆኑ ስንት ሊሏቸው ነው?»
«አይ» ደግሞ «እኔ» ነው ብዬ፣ ሠላሳ ሰው ባንዴ ቢለው፣
ዘበኛው ብቅ አለ ከበር፤ «ምነው፣ ማነው የሞተው?»

ጥፋቱ የተማሪ አይደለም፤ ቋንቋችን ዓይን አፋር ነው፣
ሠሪውን በስሙ አይጠራም፣ በግሥ ጭራ ነው የሚሰውረው።
«መጣ» ስንል ማን እንደመጣ፣ «ሄደች» ስንል ማን እንደሄደች፣
ቃሏ በሆዷ ይዛዋለች፤ እንደ እርጉዝ ዝም ብላለች።
እንግሊዝኛው ግን አይገባውም፤ በር ላይ ቆሞ ይጠይቃል፣
«ማን?» ይላል። ሳይነግሩት አያሳልፍም፤ እንደ ኬላ ፈታሽ ይደርቃል።

«ኢት ኢዝ ሬኒንግ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን አነሱ፤
«ዘነበ ማለት ከሆነ፣ ኢት የሚሉት ማነው እሱ?
ዝናብ አዝናቢው አላህ ነው፤ ይህንንማ እናውቃለን።
እሱን ነው እንዴ ኢት ያሉት?» «ኧረ ጋሼ፣ ምን በወጣን!
ኢትማ ባዶ ወንበር ናት፤ ሰው ባይኖርም የምትዘረጋ።
ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር፣
በር እንደሌለው ቤት ነው፣ ሲመሽም ሲነጋ።»
«ለጭጋጉም?»
«ለጭጋጉም።»
«ለብርዱም?»
«ለብርዱም ኢት።»
«የቸገረው ቋንቋ!» አሉ። ጻፉት ግን፣ ምላሳቸውን ነክሰው፣
ፊደሏን እንደ ችግኝ፣ አንድ በአንድ መስመር ላይ ተክለው።

የመርየማ ተራ ደረሰ። ሸራ ጫማ ትሸጣለች፣
ልጇ የቤት ሥራ ስትጠይቃት እንዳታፍር ትማራለች።
ተነሣች። ዱቄቱን ከእጇ በሻርፗ ጫፍ ጠረገች፣
«ኢዝ ኮሚንግ» ብላ ጻፈች።
ነጥቧን አሳምራ አኖረች።

«ጎደለ» አልኩ።
«ምኑ?» አለች።
«ባለቤቱ የት አለ?»
(በቀን ሃምሳ ጊዜ የምለው ነው፤
ሰዋስው ነው። ክፋት የለውም። የመጽሐፉ ቃል ነው።)

«ጅዳ» አለች።
ክፍሉ ሳቀ።
«ስድስት ዓመቱ» አለች ቀጥላ፣ «ስልኩም ከተዘጋ ሁለት።»
ሳቁ ተመለሰ ወደየጉሮሮው፣ እንደ ገባ ሰው ወደ ሰው ቤት።
ሙሔ ጆንያ የሚቆጥርባቸውን ጣቶቹን ይቆጥር ጀመር።
ጋሽ እንድሪስ ሳል አማራቸው፤ ሳል ግን ከየት ይምጣ? ዝም ነበር።

እኔም አስተማሪ ነኝና፣ ሌላ አልመጣልኝም፣ «ሙዪው» አልኳት።
ጠመኔዋ አየር ላይ ቆየች፤ ሂ ይሆናል ስል ጠበቅኋት።
ሁለት ፊደል ጻፈች፦ «ኢት»።
ዞራ አየችኝ፣ ረጋ ብላ፤
«ባዶ ወንበር ነው ብለውናል።»
ሄዳ ተቀመጠች፣ ጠመኔዋን እጄ ላይ ጥላ።

ስህተት ነው። ለሰው ኢት አይባልም፤ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ይላል።
ግን ውጪ፣ በሐረጎ በኩል፣ አንዳች ነገር ይመጣል፣
ዝናብ ይሁን የጭነት መኪና፣ ድምፁ ከጭጋጉ አልተለየም፤
የራይት ምልክት አደረግኩባት። ማንም ቀና ብሎ አላየም።

ደወል ሆነ። ወንበር ተንጓጓ፣ መብራቱ ጠፍቶ መጣ።
መርየማ ደብተሯን አጥፋ፣ ሻርፗን ጠምጥማ ስትወጣ፣
«አይ» አለች በሩ ላይ። «አይ» ብቻ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።
በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ግን
ለማንም አልተናገረችም።