የአርቪድ ሰም

ጥቅምት ሞንታና ሲገባ ነፋሱ ቢላዋ ይስላል፤
የጓሮዬ ቆርቆሮ ቤት ግን ሞራና ሰም ይሸታል።
ድስት በድስት ውስጥ እጥዳለሁ፣ የታችኛው ውኃ ይፈላል፤
ሰምን ለነበልባል አልሰጥም፤
ጎረቤቴ ቶራ ሞክራው ቅንድቧ ዛሬም አልበቀለም።

ሁለት እጅ ሰም፣ አንድ እጅ የበግ ሞራ፣
የላም ጡት ሲሰነጠቅ የሚቀቡት የሱፍ ቅባት በማንኪያ፣
ብርድ እንዳያደርቀው ጥቂት የወይራ ዘይት።
ስለ እርሳስ በእርሳስ ጻፈው አባቴ፣ ከቁም ሳጥኑ በር ላይ፤
ግማሹ በጣት ተፍቋል፣ ግማሹን በልቤ አያለሁ።
አውራ ጣቴን ነክሬ ወደ መስኮቱ አነሳለሁ፤
ከተሰነጠቀ ሞራ፣ ካለቀሰ ሰም እጨምራለሁ።

አረሮቹ በመደዳ ይቆማሉ፣ ትናንት ከመቅረጫው የወጡ፣
ወገባቸው ላይ ቦይ አለ፤ ቅባቱ እዚያ ይተኛል።
ያለ ቅባት የሄደ አረር በርሜሉን እየላሰ ይወጣል፣
ምላሱን እዚያው ትቶ፤
ጠመንጃው ጉሮሮው ይታነቃል፣ ኢላማውንም ይስታል።

አባታችን ኦድቫር ሲሞት ንብረቱን እንዲህ ከፈለው፦
ጠመንጃና መቅረጫው ለእኔ፣ ቀፎው ለአርቪድ ነው።
ተንኮል ይሁን የዋህነት፣ እስካሁን አልለየሁትም።
በአንድ የምንጭ ቧንቧ ተጣልተን
አስራ አንድ ክረምት አንድ ቃል አልተለዋወጥንም።
እሑድ በቤተ ክርስቲያን እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ፤
ቂምም ሳልም ይዤ ቆሜ
ጸሎቱም ስርቆቱም አልሆነልኝ።

ብቻ በየመስከረሙ፣ ከአጥሩ የማዕዘን ግንድ ላይ
ዳቦ የሚያክል ሰም አገኛለሁ፣
ሰፈፉ የተነጠረ፣ ቢጫ፣ ጋዜጣ የለበሰ።
እኔም ከሱ የሠራሁትን በሳርዲን ጣሳ ሞልቼ
ለጫማው፣ ለመጋዙ፣ ለዛገ ብሎኑ፣
እዚያው ግንድ ላይ እተውለታለሁ፤
ጣሳው ታጥቦ ይመለሳል።
ሰሙ የእሱ፣ እርሳሱ የእኔ፤ ወርቁን የፈታ ግን የለም።

ዘንድሮ ግንዱ ባዶ ነው።
መስከረም አለፈ፤ ቁራ ብቻ አረፈበት።
ከሱቅ የሻማ ሰም ገዛሁ፣
ነጭ፣ ሽታ የሌለው፣ እንደ ሐኪም ቤት ግድግዳ።
ቀለጠ፣ ረጋ፣ ጣቴ ላይ እንደ ደረቅ ጭቃ ተፈረካከሰ።
አስር ተኩሼ ስድስቱ ከወረቀቱ ጎን አለፉ፤
በርሜሉን ወደ ብርሃን ባዞረው፣ ውስጡ ብር የመሰለ ጭረት፤
ቅባት ያጣ ነገር ሁሉ
ያለፈበትን ሲቧጭር እንጂ ሲሄድ አይታይም።

ጣሳውን ይዤ ወጣሁ። ባዶውን።
አጥሩን ስሻገር ሽቦው ሱሪዬን ያዘኝ፣
«ወዴት?» እንደሚል ሰው።

አርቪድ በረንዳው ላይ ነው፣ እጆቹ በፎጣ ተጠቅልለው፤
ሪህ አንጓዎቹን ቋጥሮ፣ ጣቶቹ የዝንጅብል ሥር መስለው።
ቀፎዎቹ ከነትርፍ ማራቸው ቆመዋል፣ የሚያነሳ አጥተው።

እንኳን የይቅርታ፣ የሰላምታም ቃል አላዘጋጀሁም።
«ሰም አለቀብኝ» አልኩት።

ጣሳውን አየ። ረጅም ጊዜ አየው።
«ያ ቅባትህ» አለኝ፣ «ለአንጓ ይሆናል ወይ?»

ባዶ ነው ብዬ ነበር፤ ከጣሳው ጥግ ግን
በጥፍሬ ፍቄ የባቄላ ፍሬ ያህል አወጣሁ።
በመዳፌ አሙቄ ጣቱን ያዝኩ፣
አንዱን፣ ከዚያ የሚቀጥለውን፣
አረር እንደምቀባው ሳይሆን፣ እንዴት እንደሚቀባ ሳላውቅ።
እጁ የአባቴን እጅ ይመስላል። አልነገርኩትም።

ስለ ቧንቧው ማንም አላነሳም።
«ነገ ፀሐይ ከወጣች» አልኩ፣ «ቀፎዎቹን እከፍታለሁ።»
«ንብ ትፈራለህ» አለ።
«እፈራለሁ» አልኩ።