እርሳስ

አካሏ ካርቶን ነው፣ የጨርቅ መጠቅለያ፣
ከአባቴ ሱቅ ጓሮ፣ ከቆሻሻ መጣያ።
ክንፍ የሌላት ሮኬት፣ ክንፍ በሚኖርበት
ጭራዋን ያቀፈ የጣሳ ቀለበት።

ተርባይኖቹ ማዶ፣ ሜዳው ላይ ለኮስናት፤
ሽቅብ ያልናት ጉድ ጎን ለጎን በረረችና
የሰው ሽንኩርት መሐል ተተክላ አገኘናት።

ነፋሱን ሰደብኩት።
የአዳማ ነፋስ ደግ ነው፣ ቢሰድቡት አይመልስም።
ሁለተኛዋን ሠራሁ፣ ቀለበቱን አስፍቼ፣ ሙጫ ደራርቤ፤
እሷም እዚያው ሽንኩርት ላይ።
ባለማሳው ለምዶናል፣ ከእንግዲህ አይከስም።

ሲፈን ግን ወገቧን በክር አስራ
እንደ ወንጭፍ አዞረቻት፣ ከራሷ በላይ።
ጭራዋ ቀደመ።
«አፍንጫዋ እኮ ነው የቀለላት፤
ነፋስ ይከሰሳል ወይ?»

ሂርጶ ጎሚስታ፣ ከአሮጌ አይሱዙ ጎማ
ፈልቅቆ ሰጠኝ የሚዛን እርሳስ።
ለምን አላለኝም። «የሚንቀጠቀጥ ሁሉ
ክብደት ጎድሎት ነው» አለ፣
ሌላ ጎማ ሲዳስስ።

ሦስተኛዋ ወጣች።
ቀጥ ብላ፣ ቀጥ ብላ፣
ሲፈን ጮኸች፤ እኔ ሰከንድ መቁጠር ረሳሁ።
ዣንጥላዋ ፌስታል ግን
ሙቀት አጣብቆት አልተከፈተም፤
ሽንኩርቱ ዳር ቁጭ ብዬ ደብተሬን አነሳሁ።

አንዱን እርሳስ አፈር ውጦታል፤
በሌላው እርሳስ
ጻፍኩ፦ «ፌስታሉ ላይ ዱቄት ነስንስ።»