የተሞረደችው ቀለበት

«ፔቲግሩ እና ልጅ» ይላል የሱቄ በር፤
ልጁ እኔው ነኝ፣ ስልሳ አራት የሞላኝ በኅዳር።
ባልቲሞር ዝናብ ነው፤ ከጎኔ ያለው ልብስ አጣቢ ቤት
ግድግዳዬን ያንዘፈዝፋል፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት።

ኦዴሳ ቶሊቨር ገባች፣ ጃንጥላዋን ከደጅ አራግፋ፣
ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ በነዳ እጇ ቦርሳዋን አቅፋ።
ከሳል ከረሜላ ቆርቆሮ፣ በጥጥ የታቀፈች
አንዲት መዳብ ሳንቲም ጠረጴዛዬ ላይ አረፈች።

«ፊትህ ዋጋ አይናገር» ይለኝ ነበር አባቴ።
ፊቴ ዝም አለ። ከጠረጴዛው ሥር የተናገረው ጉልበቴ
ነው።

አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና ሦስት፤ የተመታችበት ዓመት፣
አገሪቱ ገና የወተት ጥርሷን የምታበቅልበት።
በአንድ ገጿ ነፃነት የተባለች ሴት፣ ጸጉሯ የተበተነ፣
ነፃ የወጣ ሰው ሳይሆን ከቅዠት የባነነ
ዓይን ነው ያላት። በጀርባዋ ሰንሰለት፣
እርስ በርስ የተቆላለፈ፣ አሥራ አምስት ቀለበት።
ቀራጩ ቦታ አጥሮት የአገሩን ስም
«አሜሪ» ላይ አቁሞታል፤ ቀሪውን አልጨረሰም።
«አንድነት ነው» ብለው ነበር ሰንሰለቱን ያሰቡት፤
ያየ ሁሉ ግን ሰንሰለት ነው ያየባት።

መዘንኳት፤ አሥራ ሦስት ግራም ከምናምን።
ቆዳዋ እንደ ቴምር፣ እንደ አሮጌ ኮርቻ። ማንም
በሆምጣጤ አላሻት፣ በአመድ አልፈተጋት፤
(መዳብን ዝገት አይገድላትም፣ ላሳምራት ባይ ነው የሚፈጃት።)

ከዚያ ገለበጥኳት።
በስተግራ፣ በአንዷ ቀለበት ላይ፣ የሞረድ ጠባሳ፤
ከዳር እስከ ዳር የበጠሰ፣ ሳይሳሳት፣ ሳይሳሳ።

«ጉዳት አለባት» አልኳት። የሙያዬ ቃል ነው።
ሳቀች። «ጉዳት አልከው? የሳንቲሟ ቁም ነገር እሱ ነው።»

ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ፣ ፕራይመስ የሚባል ሰው ነበር፤
አንጥረኛ ነበር፤ የሌላ ሰው ንብረት ነበር።
ሌሊት ሌሊት ለራሱ ቀጥቅጦ፣ ማጠፊያ፣ መንጠቆ፣ ሚስማር፣
ራሱን ገዛ፤ በሦስት መቶ አርባ ዶላር።
ጌትየው ቆጥሮ ሲያበቃ አንድ ሳንቲም ተረፈች፤
ያን ሌሊት በገዛ ራሱ መዳፍ ውስጥ አደረች፤
ሲነጋ ሞረዱን አነሣ።

«ወረቀት አለሽ?» አልኳት። መጠየቅ ግዴታዬ ነው፤
ደብዳቤ፣ ኑዛዜ፣ መዝገብ፣ ብቻ ቀለም የነካው።
«ወረቀቱ ላይማ የተጻፈው የእሱ ዋጋ ነው» አለች፣
«የሳንቲሟ አይደለም።» ወደ ዝናቡ ዞር አለች።

በእርሳስ ጻፍኩ፦ «ጀርባዋ ሆን ተብሎ የተሞረደ። ግማሽ ቅናሽ።»
እጄን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ፤ የት እንደማኖራት ጠፋኝ።

ጣሪያዋ ያፈሳል፤ የቤት ግብሯ ሁለት ዓመት ተከማችቷል፤
የእኔም የሱቅ ኪራይ፣ ላስታውሰው እንጂ፣ አልፏል።
«ሁለት ሺህ ብልሽ ትሰጪኛለሽ» አልኳት፤
«ስለዚህ አልልሽም። ወደ ጨረታ እንላካት።»
እውነት ለመናገር፣ ይህን ከማለቴ በፊት
ዝም ያልኩበት ጊዜ ረዝሞ ነበር። እሷም አውቃበት።

በግንቦት ተሸጠች። በስልክ፣ ስሙን ያልሰማነው አንድ ድምፅ፤
ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ። መዶሻው ወረደ። በቃ፣ ጸጥ።

ቼኳን ልትወስድ መጣች። አጥፋ ከቦርሳዋ ከተተች፤
በዚያው እጇ ከዚያው ቦርሳ ሌላ ነገር አወጣች፦
የሻማ ሰም ነው፣ እንደ ብስኩት የተዳመጠ፤
ልትሸጣት ባመጣችበት ዋዜማ፣ ሳንቲሟ የታተመችበት፣ የተመሰጠ።
«ሰም መዳብ ይጎዳል» ልል ነበር። ዋጥኩት።
አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ፣ ወደ መብራት አስጠጋሁት።

ማኅተም እንደሆነ ሁሉን ይገለብጣል፤
ሰንሰለቱ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፣ ሰርጉዷል፤
ከሁሉ በላይ፣ በጣት የሚዳሰስ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ
የሞረዱ መሥመር ነው።

«ይህቺስ ስንት ታወጣለች?» አለችኝ።
መነጽሬን አወለቅሁ።