ስንት ሆናችሁ ትበላላችሁ?

ቅጹ አሥራ ስምንት ገጽ ነው፣ ከካውንቲው ቢሮ የመጣ፤
ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አሳደርኩት፣ ሰበብ ሳላጣ።
አንድ ቀን መነጽሬ ጠፋ፣
አንድ ቀን የብዕሩ ቀለም ደረቀ።
በሦስተኛው ማቀዝቀዣውን ብከፍት አምፖሉ ብቻ አየኝ፣
ከግማሽ ሽንኩርትና ከሰናፍጭ ጠርሙስ ጋር።
ተቀመጥኩ።

ስም፦ ኔቫ ብላንከንሺፕ። ዕድሜ፦ ስድሳ ስምንት።
ሥራ፦ ነበረ።
የማዕድን ጉድጓዱ በተዘጋ፣ የልብስ ማጠቢያው ቤት ተዘጋ በዓመቱ፤
ከሰል ያጠቆረው ሸሚዝ ከሌለ፣ ምን ይታጠባል በከንቱ?
ባንክ ያለ ገንዘብ፦ አርባ አንድ ዶላር።
መኪና፦ አለ። ዳገት ግን አይወጣም፤
ዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ ከዳገት በቀር መንገድ የለም።

ይሄን ሁሉ ሞላሁ። እጄ የቆመው ስምንተኛው ጥያቄ ላይ፦
«ምግብ አብሮዎት የሚገዛና የሚያበስል ሰው አለ ወይ?»

ዴንዚል ወንድሜ ነው።
ከጓሮዬ፣ ጎማው በወለቀ ተጎታች ቤት ውስጥ ይኖራል።
ከተኳረፍን አሥራ አንድ ዓመት፤
እናታችንን በቀበርን ማግስት፣ ለአንዲት ቁራጭ መሬት።
ቁልቁለት ናት፤ ፍየል እንኳ ቆማ አትግጥባትም፣
እኛ ግን ቆመን ተጣላንባት።

ሳንባው ከሰል ጠጥቷል። ሌሊት ሲያስል እሰማለሁ፤
ሲያስል ካልሰማሁ ደግሞ ተነሥቼ መስኮት እከፍታለሁ።

ማታ ማታ ከድስቴ ጨልፌ፣ ሳህኑን ደረጃው ላይ አኖራለሁ፣
በሩን ሁለቴ በጣቴ መትቼ፣ ሳይከፍት እመለሳለሁ።
ጠዋት ሳህኑ ታጥቦ እኔ ደጅ ይገኛል።
አንዳንዴ ድንች አለበት፣ አንዳንዴ የለቀመው ባቄላ፤
አንዴ፣ በልደቴ ቀን፣ ሁለት እንቁላል በጨርቅ ተጠቅልሎ።
«እንኳን ተወለድሽ» የሚል ወረቀት ግን አልነበረም፤
ኩርፊያ ኩርፊያ ነውና።

ታዲያ ይሄ ምን ይባላል?
«አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ሰረዝኩት።
«የለም» ላይ አደረግሁ፣ እሱንም ሰረዝኩት፤
ወረቀቱ እዚያች ቦታ ላይ ተቀደደ።

ሐሙስ ስልክ ተደወለ። «ራትሊፍ እባላለሁ» አለች፣ ድምፅዋ የልጅ።
«ስምንተኛውን ማንበብ አልቻልኩም። ሰው አለ ወይስ የለም?»
«ወንድሜ አለ። ግን አንነጋገርም።»
ዝም አለች። የኮምፒውተር ቁልፍ ስትነካ ይሰማኛል።
«ቅጹ ስለ መነጋገር አይጠይቅም፣ እማማ፤
የሚጠይቀው ስለ ድስት ነው። ድስቱ ስንት ነው?»
«አንድ።»
«እንግዲያው ሁለት ናችሁ።»

ፓስተሩ ሁለቴ መጥቶ ያቃተው፣
ዳኛው ፋይል ዘግቶ የተወው፣
ባንድ ድስት ተፈረደ፤ ያውም በስልክ፣ ያውም በልጅ አፍ።
«የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ግን እስከ ነገ አምጪልኝ።»

ሄድኩ። ሣሩ ረጥቧል።
ሳህን ሳልይዝ ስሄድ፣ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።
በሩን ሁለቴ መታሁ።
ልማዴ መመለስ ነው፤ አልተመለስኩም።
ውስጥ ሳሉ ቆመ።
«ቁጥርህን ይፈልጋሉ» አልኩት፣ በሩን።
«ለምግቡ ነው። ሁለት ነን ብያለሁ።»

ቆየ። ከዚያ ከበሩ ማዶ ዘጠኝ ቁጥሮች፣
አንድ በአንድ፣ በየመሀሉ ትንፋሽ እየለመነ።
አሥራ አንድ ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ እንዲህ መጣ፣ እየተቆጠረ፤
ወረቀት ረስቼ ነበር፣ መዳፌ ላይ ጻፍኩት።
ሰባተኛው ላይ ተሰበረ። ሳል ይሁን ሌላ፣ አላውቅም።

ልሄድ ዞር ስል
«ኔቫ» አለ።
«አቤት።»
«የማክሰኞው ባቄላ ጨው በዝቶበት ነበር።»
«አውቃለሁ» አልኩት። «እኔም በልቼዋለሁ።»