ገቢ፦ አንድ ልጅ

የእድራችን ንብረት ያዥ እኔ ነኝ፤
ቁልፉ ባንገቴ ነው፤ መዝገቡም የሚገኝ
ከመነኸሪያው ጀርባ፣ ካለችው ቆርቆሮ ቤት።
ሁለት ድንኳን፣ ሠላሳ አግዳሚ፣ አራት ብረት ድስት፣
ጆግ፣ ጭልፋ፣ የቀብር አካፋ፣
አንድ የተሰበረ ፋኖስ፣ አይጠገን አይጠፋ።

ሃያ ስድስት ዓመት፣ መንገድ ሥራ ግምጃ ቤት፣
ዕቃ ስረካከብ ነው ጠጉሬን ያሸበትኩት።
ያለ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ሚስማር አልቀበልም፤
ያለ ሃያ ሁለት ብሎን አላስወጣም።
ባለቤቴ ትስቃለች፦ «ሞት እንኳ ቢመጣ
ፈርም ትለዋለህ፣ ነፍስህን ሲያወጣ።»

የሊስትሮዎቹን ሣጥን ማሳደር የጀመርኩትም
በዚሁ ጠባዬ ነው፤ በደግነት አይደለም።
ሌሊት ይሰረቅና ጠዋት ያለቅሳሉ።
«ማታ ማታ አምጡ፣ ጽፌ እረከባለሁ፣
ከነቀለሙ፣ ከነብሩሹ» አልኳቸው። አመጡ።
መፈረም የማይችል በአውራ ጣቱ ያትማል፤
የማኅተም ቀለም አልገዛም፣ ጣቱ ራሱ ጠቁሯል።

አንዱ ከብቸና፣ አንዱ ከሉማሜ፣ አንዱ ከአማኑኤል፣
በጭነት መኪና፣ ከከሰል ጋር ሲንከባለል።
አሥራ አንድ ሣጥን፣ አሥራ አንድ ጣት
በየምሽቱ ይደርሳል ልክ በአንድ ሰዓት።

አንደኛው ልጅ ግን ሣጥኑን ሰጥቶኝ አይሄድም።
በሩን ስቆልፍ ያያል። ይቆማል። አይናገርም።
ሐምሌ ነው። የጮቄ ብርድ እንደ ወረንጦ
ጆሮ ይለቅማል፣ ከጣራ ተቀምጦ።

«ስምህ?»
«ልየው።»
«ልየው ማን?»
«ልየው ነዋ።»
(ያባት ስም የሚለው ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶ ቀረ።)
«ታዲያ ምን ቀረህ?»
«እኔ።»
«አንተ ምን?»
«እኔን አልጻፉኝም።
ሣጥኔን ጻፉ፣ ብሩሼን ጻፉ፣ ጨርቄን ቆጠሩ።
ሌባ ሣጥን ብቻ የሚወስድ መሰለዎ?»

ስንቱ ኦዲተር መጣ፣ ስንቱ ኦዲተር ሄደ፤
እንዲህ ያለ ጉድለት በስሜ አልወረደ።

ትልቁን ድንኳን ፈታሁ፤ እጥፉን አላላሁት፤
እንደ ኪስ ነበረ፤ ከውስጡ ከተትኩት።
የስንቱን ለቅሶ የጠጣ ሸራ፣ ዝናብ ዝናብ የሚሸት፣
ልጅ ሲያሞቅ አደረ ያን ሌሊት።
እኔም በባትሪ ብርሃን ጻፍኩ፦

ገቢ፦ አንድ ልጅ።
ሁኔታ፦ ያገለገለ።
ማስታወሻ፦ ይስላል።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን ጠርገው
ደንቡን አነበቡ፦ አንቀጽ አራት፣ ንብረቱ ለሟች ነው።
«በቁሙ ላለ ሰው ድንኳን የት ነው የሚዘረጋ?»
«ነገ መንገደኛው ሁሉ በራችን ሊጠጋ?»

እናትነሽ ተነሣች፣ ቅቅል ድንች የምትሸጠው፣
የሦስት ወር መዋጮ ያለባት።
«ይኸ ልጅ ደጅ አድሮ ቢሞት፣ ድንኳን አንተክልም?»
«እንተክላለን።»
«አካፋውስ አይወጣም?»
«ይወጣል።»
«እንግዲያ ምን ያጨቃጭቀናል? ያው ድንኳኑ ነው፤
እሱ ቀድሞ ገባበት።»

ማንም አላጨበጨበ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤
አንዱ ኪሱን ዳበሰ።
ደንቡ አልተሻረም፤ እኛ ዘንድ ደንብ አይሻርም፤
«ለሟች» ከሚለው ሥር ግን በእርሳስ ተጻፈ፦ «ላለም»።

ከዚያ ወዲህ ድንኳኑ አራት ልጅ ያሳድራል።
ለቅሶ ሲደርስ ነቅለው፣ ተሸክመው የሚተክሉትም እነሱው ናቸው።
እናትነሽ የተረፋትን ድንች በፌስታል ትጥልልናለች፤
«ይኸን አትመዝግብ» ብላኛለች፤
አልመዘገብኩም።

ልየው የማታ ትምህርት ገባ፣ ሦስተኛ ክፍል።
ወጪ የሚለው አምድ ላይ እስካሁን አልጻፍኩበትም።
ሦስት ሰዓት ይመጣል፤ አንዳንዴ ያመሻል፤
እኔም ቁልፌን ይዤ ከበሩ እቆማለሁ።
ጎረቤት ሲያልፍ ያየኛል፦
«ጋሽ ይግዛው፣ በዚህ ብርድ ምን ያቆምዎታል?»

«ልየው ብዬ ነው።»